ደካማ ከፊት ይሂድ

የምወድህ አባዬ፣

ካጣንህ ሦስተኛው ክረምት አልፎ ቡናው እንደገና ተለቅሟል። እስከ ዛሬ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩልህም። ለሞተ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ራስን ማታለል ይመስለኝ ነበር። ዛሬ የምጽፈው የምጠይቅህ ነገር ስላለኝ ነው፤ ከአንተ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። እንደማትመልስልኝ አውቃለሁ። ጥያቄው ግን ደረቴ ላይ ተቀምጦ አልነሣ ብሎኛል።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ቆርቆሮው ተቀይሯል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ሳህን መደርደር ቀርቷል። አጥሩ ጥግ የነበረውን አቮካዶ ታምራት ቆርጦ ቦታውን የባጃጅ ማቆሚያ አደረገው፤ እማዬ በዚህ የተነሣ ሳምንት ሙሉ አኩርፋው ነበር። አዎ፣ ልጅህ አሁን ባጃጅ ነጂ ነው። ከመናኸሪያው እስከ ገበያ፣ ከገበያ እስከ ሆስፒታል ሰው ሲያመላልስ ይውላል፤ ያመሻልም። ቤቱ የሚተዳደረው በእሱ ነው። እማዬ ጉልበቷ እምቢ ስላላት ገበያ የምትወጣው በእሱ ባጃጅ ነው፤ ከኋላ ተቀምጣ ለሰላምታ እጇን ስታውለበልብ የሹም ሚስት ትመስላለች። ሰላም ጅማ ትማራለች። ቁመቷ በልጦኛል፤ ምላሷ ግን አንተ የምታውቀው ነው።

የእኔ ወሬ ዓይኔ ነው።

መጀመሪያ ማታ ማታ ነበር። በማስተምርበት ቴፒ መብራት ሲጠፋ ሌላው ሰው ጨለማውን ለምዶ መንገዱን ሲቀጥል እኔ ግድግዳ ተደግፌ እቆማለሁ። ቀጥሎ በቀን የበር መቃን ትከሻዬን ይመታኝ ጀመር። ጅማ ሄጄ የመረመረችኝ ሐኪም የዓይኔ የጀርባ ሽፋን ከዳር ጀምሮ እየሞተ መሆኑን ነገረችኝ። ወደ መሃል ይመጣል። መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። መድኃኒትም የለውም። አሁን የማየው በቀርከሃ ቀዳዳ አጮልቆ እንደሚያይ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቴ ያለውን መጽሐፍ አነባለሁ፣ መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ፣ አጠገቤ የቆመውን ሰው ግን እስኪናገር ድረስ አላውቀውም። ከፀሐይ ወደ ጥላ ስገባ ደግሞ ዓለም ለደቂቃዎች ትጠፋብኛለች።

በዚህ ምክንያት ከክፍል አውጥተውኛል። ባዮሎጂ ከማስተምርበት ክፍል አንሥተው የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አስቀመጡኝ። ዳር የሚቀመጡ ተማሪዎች «እጅ ስናወጣ አይታ እንዳላየች ታልፈናለች» ብለው ከሰሱ፤ ርዕሰ መምህሩም እኔ በሌለሁበት ስብሰባ ወሰነ። «ለአንቺው ብለን ነው» አለኝ። ምን ብናደርግልሽ ታስተምሪያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወንበሮቹን ወደ መሃል ማሰባሰብ፣ እጅ የሚያወጣው ተማሪ ስሙን እንዲናገር ማድረግ ይበቃኝ ነበር። አቤቱታ አስገብቻለሁ። መልስ እስኪሰጠኝ ድረስ በየሰኞው ቢሮው በር ላይ እቆማለሁ፤ ሲያየኝ ስልክ የተደወለለት ያስመስላል።

አሁን ወደ ጥር ወር ጉዟችን ልምጣ።

አንተ ከሄድክ ወዲህ ማንም ወደ ራስጌ አልወጣም ነበር። ከጫካው በላይ ላለችው ድንጋያማ ጉብታ ያንን ስም ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ከተማችን ሚዛን ከሥሯ የተኛች ትመስላለች ብለህ። ቡናው ደርቆ ተሽጦ ሲያልቅ፣ ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ፣ ቅቅል ጎደሬና ሙዝ ቋጥረን በማለዳ እንወጣ ነበር። ጎረቤቶቻችን ይስቁብን እንደነበር ትዝ ይልሃል? «መምህሩ የጠፋበት ከብት የለ፣ የሚቆርጠው እንጨት የለ፣ ጫካ ለጫካ ምን ያዞረዋል?» ይሉ ነበር። አንተም እኛን እያሳየህ «እነዚህን ላሰማራቸው ነው» ትላቸው ነበር።

ሕጉንም ያወጣኸው አንተ ነህ። ደካማ ከፊት ይሂድ። በዚያን ዕለት ከሁሉ የደከመው ይመራል፤ ሌላው በእሱ እርምጃ ልክ ይሄዳል፤ ማንም አይቀድመውም፣ ማንም ፍጠን አይለውም፣ በመረጠው መንገድም ማንም አይከራከረውም። እማዬ ሰላምን ነፍሰ ጡር በነበረች ጊዜ እሷ መራች። ሰላም አራት ዓመት ሲሞላት ተራው የእሷ ሆነ፤ ጉንዳን ባየች ቁጥር ስለምትቆም ሁላችንም ከኋላዋ ተሰልፈን ጉንዳን እናይ ነበር። ታምራት በንዴት ቅጠል ሲበጥስ፣ አንተ ከሰልፉ መጨረሻ ሆነህ ስትስቅ ይሰማኛል።

ዘንድሮ ታምራት ጉዞውን ሊመልሰው ፈለገ። ይህን ሳይ ልቤ በደስታ መዝለል ነበረበት። ግን እኔን አልነገረኝም። ለእማዬ «ማርታ ራሷ አልችልም ብላለች» አላት። እንዲህ አላልኩም አባዬ! የሰማሁትም ከሰላም ነው፤ ደውላ «ለምን እምቢ አልሽ?» ስትለኝ።

ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ ከቴፒ ሚኒባስ ይዤ ሚዛን መጣሁ፤ ሰላምም ከጅማ መጥታ ነበር። እራት ላይ ጠየቅሁት። ዓይኔን ሳያይ፣ ጎደሬውን እየላጠ መለሰልኝ።

«የግቢውን ደረጃ እንኳ ትስቻለሽ። ጫካ ውስጥ ማን ሊሸከምሽ ነው?»

«አንተንስ ከነቦርጭህ ማን ሊሸከምህ ነው?» አለችው ሰላም።

«አንቺ ዝም በይ።»

«ደካማ ከፊት ይሂድ» አልኩት። «ደካማዋ እኔ ከሆንኩ የምመራው እኔ ነኝ። እጄን ይዘህ እንደ ፍየል የምትጎትተኝ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል።»

«ማርቲ፣ እሱ እኮ ለእግር የወጣ ሕግ ነው። ለዓይን አይሠራም።»

ያኔ እማዬ ውኃ የምትቀዳበትን ጆግ አስቀመጠች። «ሕጉን ያወጣው ሰው እዚህ የለም» አለች። «እሱ በሌለበት አንድም ነገር አትጨምሩ፣ አንድም ነገር አትቀንሱ።»

በዚህ ተዘጋ። አሸነፍኩ። ግን አልዋሽህም አባዬ፣ አልጋዬ ውስጥ ስገባ ፈርቼ ነበር። እማዬ እምቢ ብትል ኖሮ ምንኛ በተገላገልኩ።

በማግሥቱ በማለዳ ወጣን፤ እኔ ከፊት፣ ታምራት ከእኔ ኋላ፣ ሰላም መጨረሻ። ከታች ያለው የቡና መሬት አላስቸገረኝም። ጥላዎቹ ሳሳ ያሉ ናቸው፣ መንገዱም ቀይ ስለሆነ ይለያል። በዱላዬ እየነካካሁ ሄድኩ። ሰላም ከኋላ ስለ አንድ መምህሯ እያወራች ታስቀን ነበር። ጫካው አፍ ላይ ስንደርስ ግን ወሬው ቆመ።

የእኛን ጫካ ታውቀዋለህ። እኩለ ቀን ላይ እንኳ ውስጡ ሲመሽ ነው። ሁለት እርምጃ እንደገባሁ ሁሉም ነገር ጠፋኝ። ጥቁር ብቻ አይደለም፤ ጥቁርማ መልክ አለው። ምንም ነው የሆነው። ቆምኩ። ማንም ፍጠኚ አላለኝም። የኮረሪማውን ሽታ ሳብኩ፤ ጉሬዛዎቹ ከላይ ቅርንጫፍ ሲያንኳኩ ሰማሁ። ቀስ በቀስ ከመሃል አንዲት ትንሽ ክብ ተከፈተችልኝ፤ በእሷ ውስጥ አንድ የዋንዛ ሥር፣ ከዚያ አንድ ድንጋይ፣ ከዚያ የገዛ ጫማዬ። ጭንቅላቴን እንደ ዶሮ ወዲያና ወዲህ እያዞርኩ እየለቀምኩ ሄድኩ። አንዱን ሳይ ሌላው ይጠፋል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል፤ ከድካም አይደለም።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ጋ ስደርስ አንተ የምትወስደንን የግራውን መረጥኩ። ደረቴ ላይ ቅጠል ነካኝ። ቅርንጫፍ ነበር፤ ገፋ አድርጌ አለፍኩ። ጫካ ውስጥ ቅርንጫፍ ቢነካህ ምን ይገርማል?

ትንሽ እንደሄድን ግራ ጉንጬ ሞቀ።

አባዬ፣ እዚያ ቦታ ፀሐይ አይደርስም። በልጅነቴ በዚያ መንገድ በሄድን ቁጥር ሹራብ ታስለብሰኝ ነበር። ነፋስም መጣብኝ፣ ከታች ወደ ላይ። ቆምኩ። ዱላዬን ወደፊት ሰደድኩ፤ የሚነካው ነገር አጣ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ በዚያች ክብ ፈለግሁ፤ የተገመሰ ቀይ አፈር አየሁ፤ ከአፈሩ የወጣ ሥር አየሁ፤ ከዚያ በጣም ሩቅ፣ ከታች፣ የዛፍ ጫፎች። ክረምቱ ያን የተራራ ጎን ጠርጎ ወስዶት ኖሯል። ከጫማዬ ፊት መንገድ አልነበረም።

መጮህ አልቻልኩም። ወደ ኋላ መመለስም ፈራሁ፤ ኋላዬን አላየውም። እዚያው ተቀመጥኩ፣ አፈሩን በሁለት እጄ ጨብጬ። ሰላም እየጮኸች መጥታ ጃኬቴን ይዛ ጎተተችኝ።

ያ ቅርንጫፍ ምልክት ነበር። አገሬው መንገድ ሲናድ ለሚመጣው ሰው ለምለም ቅርንጫፍ ያጋድማል፤ ይህን የሚዛን ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

«እኔ አይቼዋለሁ» አለች ሰላም እያለቀሰች። «ሁለታችሁ ዝም ብላችሁ ስታልፉ ግን የምታውቁት ነገር መሰለኝ። ደግሞ ፊት ያለውን አትከራከሩ ይል ነበር አባዬ።»

ወደ ታምራት ዞርኩ። «አንተስ? ከኋላዬ ነበርክ!»

«አይቼዋለሁ» አለ። «አውቀሽ የመረጥሽው መስሎኝ ነው። መሪዋ አንቺ ነሽ አይደል?»

በያዝኩት ዱላ ጭኑን መታሁት። ያን ግዙፍ ወንድሜን፣ ታላቄን። እሱም አልተከላከለም። እዚያ ቆሜ ያልኩት በልቤ ነው፤ ይሄ ሰው አልችልም እንድል ብሎ እስከ ገደሉ ድረስ ዝም አለኝ። ከዓይኔ ይልቅ ያ አስፈራኝ። ነገ ከነገ ወዲያ ይህቺ ክብም ስትዘጋ የምኖረው በሰው አፍ ነው። ሰው ዝም ካለኝ እሞታለሁ ማለት ነው።

«እንመለስ» አለች ሰላም። አይሆንም አልኩ። ወደ መገንጠያው ተመልሰን በቀኙ መንገድ ወጣን፤ ዙሪያ ነው፣ ረጅም ነው፣ ግን እስከ መጨረሻው እኔ መራሁ። ሰላም አሁን እኔን ተከትላ ያየችውን ሁሉ ትነግረኛለች። «ሥር አለ ማርቲዬ። ጭቃ። እዚህ ጎንበስ።» ይህን ሕግ ያሻሻልነው ያለፈቃድህ ነው። ታምራት ከኋላችን ተከተለን።

ራስጌ ላይ ደረስን። ደስ ይለኛል ብዬ የጠበቅሁት ቦታ ነበር። ሚዛንን በአንድ ጊዜ ማየት አልቻልኩም፤ አንድ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ አንድ የመስጊድ ጫፍ፣ አንድ መኪና የሚያልፍበት ቁራጭ መንገድ። ከእነዚህ ከተማ መሥራት አለብኝ። ሰላም ጎደሬውን አቀረበች። ታምራት ፊቱን አዙሮ በላ።

ስንወርድ ደመና መጣ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ይሆናል፣ ጫካው ውስጥ ግን መሽቷል። ሰላም እግሯ ተልጦ ስለነበር ሕጉ ወደ እሷ ዞረ፤ እሷ ከፊት፣ እኔ መሃል ሆንን። ትንሽ እንደሄድን ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። የታምራት ነው። ይቅርታ መሰለኝ፤ ተናድጄ አራገፍኩት። ወዲያው ከኋላዬ ሲወድቅ ሰማሁ። ተነሣ። እጁ ተመልሶ መጣ፣ አሁን አጥብቆ ያዘኝ፤ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። እኔ ጎንበስ ስል ጎንበስ አይልም፤ ቅርንጫፉ ግንባሩን ሲመታው ይሰማኛል። ሌላ ሥር መታው። ሌላ። ትንፋሹ የሮጠ ሰው ትንፋሽ ነው።

ያኔ ገባኝ።

«ታሜ» አልኩት ቀስ ብዬ፣ ሰላም እንዳትሰማ። «ያንን ቅርንጫፍ እውነት አይተኸው ነበር?»

ትከሻዬን ሳይለቅ መለሰልኝ። «አላየሁትም።»

እኔን ለመግደል የጨከነ ሰው መምሰሉን መረጠ እንጂ አላየሁም ማለትን አልቻለም። ሁለት ዓይነ ደካማ ተከታትለን ገደል አፍ ደርሰናል። ጉዞውን የመለሰውም አንድ ጊዜ እንኳ ራስጌን ዓይኑ ሳይመሽበት ለማየት ነበር። እኔን ያልጠራኝም እኔ የማውቀውን በሽታ አብሬው ስሄድ አውቅበታለሁ ብሎ ፈርቶ ነው።

ቡናው ውስጥ ስንደርስ ሰላምን ወደፊት አሳልፎ ለመነኝ። «ለእማዬ እንዳትነግሪ። በቀን ደህና ነኝ። ማታ ብቻ ነው።» ማታ ደግሞ ባጃጅ ይነዳል አባዬ! «ባለፈው አንዲት እናት ልጇን አዝላ ከጎን መጣችብኝ» አለ። «አልነካኋትም። እግዚአብሔር ነው።» ይህን ሲል ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

አሁን ጥያቄዬን ልጠይቅህ። ሐኪሟ ይህ በሽታ በዘር የሚመጣ መሆኑን ነግራኝ፣ ከቤተሰብ ማን አለ ብላ ጠይቃኝ ነበር። ማንም የለም አልኳት። የታምራት እጅ ትከሻዬ ላይ ሳለ ግን አንተ መጣህብኝ። ከራስጌ ስንወርድ ሁልጊዜ የአንዳችን ትከሻ ላይ እጅህ ነበረ። ፍቅር ነው ብለን ለዚያ ትከሻ እንጣላ ነበር። ደመና ሲመጣ የበላነው ሳይወርድ ታስነሣን ነበር። ሠርግ ተጠርተህ የማታውን ትተህ የቀኑን ብቻ ትሄድ ነበር። የሞትክ ዕለት ምሽት ከትምህርት ቤት ስትመለስ አስፋልቱን ስታቋርጥ ሞተር ሳይክሉ ከጎንህ መጣ። ነጂው ልጅ «መብራት አብርቼ፣ ክላክስ እየነፋሁ ነበር፤ ዞሮ አላየኝም» እያለ ሲምል ሁላችንም ረገምነው።

አባዬ፣ አታይም ነበር? ታውቅ ነበር? ደካማው ከፊት፣ አንተ ከኋላ የሆንከው ለእኛ ብለህ ነው ወይስ የሚመራህ ፈልገህ? ብትነግረን ምን ነበረበት? ብትነግረን ታምራት የባጃጅ መሪ አይጨብጥም ነበር። ብትነግረን እኔ ይህን ነገር ብቻዬን፣ በባዕድ ክፍል፣ ከማላውቃት ሐኪም አልሰማም ነበር። ተቆጥቼብሃለሁ። ደግሞ መምህር ሆነህ፣ ሦስት ልጅ ይዘህ፣ ከክፍል እንዳያወጡህ ምን ያህል እንደፈራህ ሳስብ ቁጣዬ የሚያርፍበት ያጣል። እኔ ላይ የደረሰውን አንተ ቀድመህ አይተኸው ኖሯል።

እሑድ ጠዋት የባጃጁን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሣሁት። ታምራት ቁርስ ላይ ጠየቀኝ፤ እኔ ጋ ነው አልኩት። «በምን እንበላለን?» አለ። አላውቅም አልኩት። «ለአንተው ብዬ ነው» ልል ስል አፌ ውስጥ ያ ርዕሰ መምህር ተቀምጦ አገኘሁት፤ ዋጥኩት። ልዩነቱን ፈለግሁ። ልዩነቱ አብሬህ ነኝ ማለት ብቻ ሆኖ ታየኝ። «ረቡዕ አብረን ጅማ እንሄዳለን፤ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ትቀመጣለህ፣ እኔም አጠገብህ እሆናለሁ» አልኩት። ከዚያ ለእማዬ እሱ ባለበት ነገርኳት። ስለ አንተም ነገርኳት። አላለቀሰችም። በቤንችኛ አንድ ነገር ለራሷ ተናገረችና የታምራትን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው። ስለ አንተ ታውቅ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ገና አልደፈርኩም።

ይኸው ማክሰኞ ነው፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጄ እዚሁ ቤት ነኝ። ታምራት እስካሁን አላናገረኝም። ደንበኞቹ እየደወሉ ነው፤ «ታምሜ ነው» ይላቸዋል፣ ወዲያው ስልኩን ፍራሹ ሥር ይከታል። ሰላምም መመርመር አለባት፤ ስነግራት ቀልድ ፈልጋ አጣች። በሕይወቴ እንደዚህ ፈርቼ አላውቅም። ለራሴ ስፈራ ጭንቀቱ አንድ ነበር፤ አሁን ሦስት ሆኗል።

አባዬ፣ አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። አንተን ስናስታውስ የማይፈራ አባት አድርገን አናስታውስህም። ልጅ ከኖረኝ ቁመትህን፣ ሳቅህን፣ ጎደሬ አላላጥህን ስነግረው ፍርሃትህንም እነግረዋለሁ፤ ከአንተ የወረስነውን ሁሉ በስሙ እየጠራሁ። ስለ አንተ የምደብቀው ነገር አይኖርም።

አውቶቡሱ የሚነሣው በማለዳ፣ ገና ሳይነጋ ነው። ከቤት እስከ መናኸሪያ ለሁለታችንም ጨለማ ነው። ቁልፉን ለእማዬ ሰጥቻታለሁ፤ በመቀነቷ ቋጥራዋለች። ሰላም ይዛን ትሄዳለች፤ አንድ ክንዷን ለእኔ፣ አንድ ክንዷን ለእሱ። አሁን ከጓዳ የታምራት ድምፅ ይሰማኛል፤ የትኛውን ሸሚዝ ልልበስ ብሎ እማዬን ይጠይቃታል።

የማትረሳህ ልጅህ፣
ማርታ